የቅዳሜ ተማሪዎች በአባቴ አውድማ

ያ የቅዳሜና የእሁድ ትምህርት ዛሬም ይናፍቀኛል። ሰው ይህን ስለው ይስቃል፤ ይሳቅ፣ ምን ቸገረኝ! ሳምንቱን ሙሉ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስለፋ እሰነብትና፣ ቅዳሜ ጠዋት በደብረ ብርሃን ብርድ እየተንዘፈዘፍኩ ማስተርሴን ልማር እሮጣለሁ። የቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ማኔጅመንት። ስሙ ራሱ እንዴት ያኮራ ነበር! ከሁለት የቡድን ጓደኞቼ ጋር፣ ከአንድ የባንክ ሠራተኛና ከአንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ጋር፣ ኋላ ወንበር ላይ ተጠጋግተን አንድ ፔርሙስ ሻይ እየተቀባበልን ስንከራከር እንውላለን። አይ ጊዜ!

የቡድን ሥራችን አንድ አዲስ ቴክኖሎጂ ገበሬ ዘንድ ወስዶ በተግባር ማሳየት ነበር። እኔ ወዲያው «የመውቂያ ማሽን» አልኩ። ለውጤት ብዬ አይደለም፤ ለአባቴ ብዬ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከጎረቤላ ከተማ በላይ ባለው መንደራችን ብቻውን ነው የሚኖረው። ገብሱን በበሬ ሲያበራይ አቧራው ደረቱን ይዘጋውና ወሩን ሙሉ ሲያስል ይከርማል። ሐኪሙ «ከአቧራ ካልራቁ ያሰጋል» ብሎታል፤ እሱ ግን ወይ ፍንክች! እንዳላጣው በጣም ፈርቼ ነበር።

ማሽኑን ከአንድ ወርክሾፕ ለምነን ተዋስን። እኛ ከሥራ ነጻ የምንሆነው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ስለሆነ፣ መምህራችንን አስፈቅደን ቅዳሜ ጠዋት በአይሱዙ ጭነነው አባቴ ዘንድ ደረስን። ሰፈርተኛው ነጠላውን አጣፍቶ አውድማው ዳር ቆሟል። ደስ አለኝ። ሞተሩ ተነሳ፤ ነዶ የሚያቀብል ግን አንድም ሰው ጠፋ።

«ምነው አባዬ?» አልኩት።

«ምነው ትዪኛለሽ? በሰንበት ልታስወቂኝ ነው? ቅዳሜና እሁድ የእርሻ ሥራ እንደማይነካ እዚህ ቤት አድገሽ ጠፋሽ?»

ኧረ በስማም! የጊዜ ሰሌዳው፣ የስጋት ትንተናው፣ ምኑ ቅጡ፤ ሰንበትን ግን ያሰበ የለም። የአልዩ አምባው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወላሂ፣ አርብ ቢሆን ኖሮ እኔ ጁምዓ ነው ብዬ አሰርዘው ነበር። የእናንተን ቀን ደግሞ እናንተ ታውቃላችሁ ብዬ ዝም አልኩ!» ልደበድበው ምንም አልቀረኝም።

ሁለቱን ቀን ስንበላና ስንጫወት አሳለፍን። ሰኞን በስልክ ተለማምጠን ከየመሥሪያ ቤታችን አስፈቀድን። ሰኞ ማለዳ ሰፈርተኛው እጅጌውን ሰብስቦ መጣና፣ አባቴ ሳምንት የሚደክምበትን ክምር ማሽኑ ከምሳ በፊት ጨረሰው። እሱን አቧራው የማይደርስበት ቦታ አስቀምጬው ነበር። ወደ እሱ ሮጥኩ።

«አየህ አባዬ? አየህ?»

«ጎሽ፣ ጥሩ ነው» አለ። «ግን ልጄ፣ እንግዲህ ምን ልትሠሪ ትመጫለሽ?»

ክው አልኩ። የዓመት ፈቃዴን የምወስደው ለመውቂያ ነበር፤ በቀረው ጊዜ ሥራና ትምህርት ይዞኝ በስልክ ብቻ ነው የምንገናኘው።

«አንተን ለማየት ነዋ!» አልኩት። ፈገግ ብሎ ነገሩን ተወው።

ሥራችን በጥሩ ውጤት አለፈ፤ ተመረቅን፤ ጓደኞቼም በየፊናቸው ተበታተኑ። ዛሬ ሰፈሩ ማሽን በየተራ ይከራያል። የአባቴም ሳል፣ ተመስገን፣ ቀለል ብሎለታል። በየዓመቱ ግን መኸሩ ሲያበቃ ይደውልልኛል።

«ያቺ ባቄላ ቀርታለች። ማሽኑ ባቄላ አይሆንለትም።»

ይሆንለታል። የጎረቤቱን ባቄላ ሁሉ የሚወቃው ማን ሆነና! እኔ ግን «እሺ አባዬ፣ እመጣለሁ» እላለሁ። እሱን ራቅ አድርጌ አስቀምጥና ባቄላውን በዱላ እወቃለሁ፤ እሱም «እንደሱ አይደለም! ያን ሁሉ ዓመት ምን አስተማሩሽ?» እያለ ከተቀመጠበት ይቆጣኛል።

ዘንድሮ ያስቀረልኝ ክምር ከአምናው ይበልጣል።