ሁለቱ በር ጠባቂዎች

ልጅ ሳለሁ የበደለኝ ሰው ግርማ ይባላል፤ የእናቴ ልጅ፣ በአራት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ። በወጉ ጋሼ ልለው ይገባኝ ነበር። ከበደለኝ ቀን ወዲህ ግን ግርማ ነው። አስተምሮ ጡረታ ወጥቶ፣ ሁሩታ ላይ ሰው «መምህር» እያለ ከወንበር ሲነሳለት እንኳ ለእኔ ግርማ ነው።

አባታችን ከብት ይከትብ ነበር። መርፌና መድኃኒቱን በሳጥን አስሮ ከአሰላ ጢቾና ጎበሳ ድረስ የሚሄደው በአሮጌ ሞተር ሳይክል ነው፤ አብሮት ይሠራ የነበረ የውጭ አገር የከብት ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ የተወለት። ያኔ በሰፈራችን ሌላ ሞተር ሳይክል ስላልነበረ፣ ድምፁ ገና ከሩቅ ሲሰማ ውሾቹ ሳይቀሩ ማን እንደመጣ ያውቁ ነበር።

ክረምት ገብቶ መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ አባባ ሞተሩን ከሞተር ሳይክሉ ሆድ ፈትቶ ቤት ያስገባና ጆንያ አንጥፎ ይቀመጣል። ቤንዚን ስላለ እናቴ ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የገብስ ቆሎው ሽታ ከቤንዚኑ ጋር እየተቀላቀለ፣ እኔ ክንዴን ዘርግቼ ፋኖሱን ራቅ አድርጌ እይዝለታለሁ። ግርማ ወዲያ ማዶ በሌላ መብራት ያጠናል። እሱ ተማሪ ነው፤ እኔ ሁለተኛ ክፍል ላይ በቃሽ ተብያለሁ። አባባም ማንበብ አይችልም ነበር። ፈረንጁ የሞተሩን መጽሐፍ ቢተውለትም ሥዕሉን እንኳ ገልብጦ ነው የሚይዘው። ታዲያ እጁ ሲሠራ አፉ ተረት ያወራ ነበር፤ ሁልጊዜ አንድ ተረት።

«አንድ ሽማግሌ ነበር» ይላል። «ቤቱ መስኮት የለውም፣ ያለችው አንዲት የጭስ ቀዳዳ ናት። ሽማግሌው ከመግባቱ በፊት ሁለት መታጠቂያ ይታጠቃል። የሁለቱ ቋጠሮ በአንድ በኩል አይውልም፤ ከዋለ እስትንፋሱ ያመልጣል። ዘንጉን ይዞ ይቆማል፤ በዘንጉ ግራና ቀኝ ጫፍ ሁለት በር ጠባቂ ያቆማል። አንዱ ጠባቂ ከጎደለ ዘንጉ ይሾልክና ግድግዳውን ይቦጫጭረዋል። ሲቀመጥም ፊቱን ወደ ጭሱ አዙሮ ነው። ባለቤት ጭሱን ለራሱ ይይዛል፣ ለእንግዳ ንጹሑን ወገን ይለቃል።»

ያኔ ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው ለምን ሁልጊዜ መጀመሪያ ታጥቆ በመጨረሻ ወደ ጭሱ እንደሚዞር አልጠየቅሁም። ከእንቅልፍ ጋር እየታገልኩ፣ የፋኖሱ ብርሃን በአባባ ቅባታም ጣቶች ላይ ሲንቀሳቀስ እያየሁ፣ ሽማግሌው ቤቱ እስኪገባ እጨነቅለት ነበር።

አንድ ክረምት አባባ ሞተሩን ሊገጥም ሲል በር ጠባቂ ብሎ ከሚጠራቸው ሁለቱ አንዷ ጠፋች። እንደ ቀለበት የተጠማዘዘች፣ አንድ ቦታ ላይ ክፍት የሆነች ትንሽ የብረት ሽቦ ናት። ግርማ ከደብተሩ ቀና ሳይል፣ «ብርቄ ጠዋት ስትጠርግ አይቻታለሁ፤ ከጥራጊው ጋር ጥላዋለች» አለ። እውነትም ጠርጌ ነበር። አባባ ጥራጊ መድፊያው ላይ በዝናብ ተንበርክኮ ፈለገ፣ አላገኘም። የአጥር ሽቦ ቆርጦ፣ አጥፎ በቦታው አስገባ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያቺን ሽቦ በግርማ ጣት ላይ አየኋት። ቤት ደርሼ ለአባባ ስናገር ግርማ አሥሩንም ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየ፤ ባዶ። አባባ፣ «ወንድምሽን አታሳጪ» አለኝ። በሳምንቱ ወደ ጢቾ ሲሄድ ሞተሩ መንገድ ላይ ደርቆ ቆመ። አባባ በጭቃ በእግሩ ገባ፤ ሞተር ሳይክሉ ከድንች ጆንያ ጋር በጭነት መኪና መጣ። ሞተሩን ፈትቶ ጆንያው ላይ አኖረው፣ ሌላ ጆንያ አለበሰው፣ ሆዱን ግን አልከፈተውም። ከዚያ ወዲህ ሥራውን የሄደው በበቅሎ ነው። አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም። ተረቱን ብቻ ተወ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ግርማ ከሁሩታ መጣና ሻዩን ሳይጨርስ ነገሩን አወጣው።

«አዲስ አበባ አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። የአባባን እንስጣቸው። እዚህ ዶሮ ሰፍሮበታል።»

«ዶሮዎቼ ምን አደረጉህ?»

«ብርቄ፣ የሞተ ነገር ነው።»

«ካስነሳሁትስ?»

ሳቀ። «አንቺ?»

«እኔ። ምን እንደጎደለው የማውቀው እኔ ነኝ።»

ሳቁን አቆመ። የወሩ መጨረሻ እንዲመጣ፣ ሞተሩ ከተነሳ ሞተር ሳይክሉ ግቢዬ እንዲቀር፣ ካልተነሳ ጭኖ እንዲወስደው ተስማማን። የአባባ የሆነ ሌላ ነገር በእጄ የለም። ተጭኖ ቢሄድ፣ ሽቦዋን ጠርጌ የጣልኩት እኔ እንደሆንኩ ተቆጥሮ ነገሩ ለዘላለም ይዘጋ ነበር።

ሞተር ከፍቼ አላውቅም። ግን ከባሌ ጋር ሠላሳ ዓመት የእህል ወፍጮ አሠርቻለሁ፤ ወፍጮውን የሚያዞረውን ቺንጋ አጥብቄአለሁ፣ ግራሶ ቀብቻለሁ፣ እሱ ሲሞት ብቻዬን። ሞተሩን ለቀናት በናፍጣ ዘፍዝፌ በካቻቢቴና በመፍቻ ከፈትኩት። የአባባ የአጥር ሽቦ ለሁለት ተሰብራ ተገኘች፤ ዘንጉ ሾልኮ የቤቱን ግድግዳ ልክ እንደተባለው ቦጫጭሮታል። ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው ፒስተኑ ነበር፤ ቤቱ ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር፣ ዘንጉም በፒስተኑ ሆድ የሚያልፈው ብረት። መታጠቂያዎቹ በወገቡ ላይ የሚውሉት ሁለቱ የብረት ፋሻዎች ነበሩ። አባባ ለእኔ ተረት ሲነግረኝ ሥራውን ለራሱ እያነበበ ነበር፤ ሌላ መጽሐፍ አልነበረውምና።

የተቦጫጨረውን ሲሊንደር አሰላ ብረት እየፋቀ የሚያስተካክል ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ሰውዬው አገላብጦ አየውና፣ «አኮ፣ ይሄ እኮ በዕድሜ ከእርስዎ ይበልጣል» አለኝ፤ አኮ ማለቱ በኦሮምኛ አያቴ ማለቱ ነው። «ከአንተ ሙያ ግን ያንሳል፣ ተቀበል» አልኩት። ጥሩ እጅ ነበረው። አስፍቶ አለሰለሰው፤ ለልኩ የሚሆን ፒስተን ከነፋሻው፣ ከነዘንጉና ከነሁለቱ ጠባቂዎቹ ከአዲስ አበባ አስመጣልኝ።

በቀጠሮው ቀን ግርማ መጥቶ መደብ ላይ ተቀመጠ። ተረቱን እንዳይሰማብኝ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ በሆዴ እያልኩ ገጠምኩ። መታጠቂያ፣ ቋጠሮው ወዲህና ወዲያ። ፒስተኑ አናት ላይ ቀስት አለች፤ አንባቢ ቢሆን መጽሐፍ ይገልጥ ነበር፣ እኔ ግን ቀስቷን ፊቱ ብዬ ወደ ጭስ ማውጫው አዞርኩት። ዘንጉን ሰደድኩ። አንዱን ጠባቂ በፒንሳ ይዤ አስገባሁ። ሁለተኛው ከፒንሳው አምልጦ ጢን አለና ጠፋ።

ከዚያ ግርማ፣ ሰባ አምስት ዓመቱን ይዞ፣ ከመደቡ ወርዶ ተንበረከከ። በእጁ መሬቱን እየዳሰሰ ከአልጋው ሥር ጭንቅላቱን አስገባ።

«አባባ ያውቅ ነበር» አለ ከዚያ ውስጥ ሆኖ።

«ምኑን?»

«የያኔዋን። ቀለበት አድርጌአት ወንዝ ስታጠብ ወሰደብኝ። በዓመቱ ነገርኩት።»

ፒንሳውን አስቀመጥኩ። «ምን አለህ?»

«ምንም። ማታውን አንቺን ጠራሽ።»

ያን ማታ አውቀዋለሁ። አባባ ከሞተሩ ላይ ጆንያውን ገፎ፣ መፍቻዎቹን ደርድሮ፣ «ብርቄ፣ ነይ፣ ሽማግሌው ሊገባ ነው» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቅሁትን ጥሪ ስሰማ ኩራቴ ቀደመኝ፤ «እንቅልፌ መጥቷል» አልኩና ወደ ግድግዳው ዞሬ ዓይኔን ገልጬ ተኛሁ። የብረት ድምፅ አልሰማሁም። ቆየት ብሎ ጆንያው ሲለብስ ብቻ ሰማሁ።

«ለምን ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አላለኝም?»

«ለልጁ አጠፋሁ የሚል አባት ያኔ አይተሻል?»

«አንተስ? አባባ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው፤ ምን አፍህን ያዘህ?»

«አንቺ ነሻ» አለ። «አንቺን ማን ደፍሮ ያናግርሻል?» ከአልጋው ሥር ወጣ፤ ጸጉሩ ላይ አቧራ፣ መዳፉ ላይ ጠባቂዋ። ተቀብዬ አስገባኋት፤ በዚህ ጊዜ በአውራ ጣቴ ከልዬ።

የቶርኖ ቤቱ ሰው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሞተሩን ወደ ቦታው አሰረልን። የእኔ ጉልበት ማስነሻውን መርገጥ ስለማይችል የሚረግጠው ግርማ ሆነ፤ ካልተነሳ የሚወስደው እሱ፣ እንዲነሳ ላብ በላብ ሆኖ ረገጠ። ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ አንዴ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ተናገረ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ግርማ እጁን ከመሪው ሳያነሳ ጮክ ብሎ፣ «ይኸው፣ ያንቺ ነው» አለኝ። የሞተሩ ድምፅ እንደ ልጅነቴ ጊዜ አልነበረም፤ ወይም ጆሮዬ ነው።

እራት ላይ፣ «ያ ተረት እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሳጠና አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነው የሰማሁት።» «ብላና ተኛ» አልኩት።

እኔ ግን ቶሎ አልተኛሁም። ስበደል እንደኖርኩ አውቅ ነበር፤ ስጠራ እምቢ ማለቴን ግን እንቅልፍ ነው ብዬ ትቼው ኖሬአለሁ። አባባ በአፉ ማለት ያቃተውን በተረቱ ሊለኝ ነበር የጠራኝ። ያ ተረት ደግሞ እጅ ሥራ ላይ ካልሆነ አይነገርም፤ ብቻውን ሲወራ ጭስ የለመደ የአንድ ሽማግሌ ወሬ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጆንያ አነጠፍኩ፣ ግርማን ቀሰቀስኩት።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አለ ዓይኑን እያሸ። «እየሠራ አይደለም እንዴ?»

«እየሠራ ነው» አልኩትና የመጀመሪያውን ብሎን ፈታሁ። «አንድ ሽማግሌ ነበር።»