የአውጫጭኙ ወፍ

ከፍኖተ ሰላም የወጣሁት እንደ ሌላው ስደተኛ ተደብቄ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እየተሰናበትኩ ነው። ሰው ሁሉ መሸሼን ማየት ነበረበት። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ባሕር ዳር የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነበርኩ። ከቡሬ ገበያ የሚመለሱ የበቆሎ ነጋዴዎች ተራ በተራ ተገድለው መገኘት ሲጀምሩ፣ አገሬ ነውና እኔ ልዘግበው ብዬ ፍኖተ ሰላም እናቴ ቤት ገባሁ። የሠፈራችን ሽማግሌዎች አውጫጭኝ ጠሩ። የኛ አገር ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ግን፣ ነዋሪው በሙሉ ምሎ ይቀመጣል፤ ያየ የሰማ ለሽማግሌዎቹ ብቻ ሹክ ይላል። እሱን ወፍ እንለዋለን። ማን እንደሆነ ሽማግሌ ቢገደልም አያወጣም። በመጨረሻ «ወፍ ነግራናለች፤ ደምሴ ነው» አሉ። ደምሴ ወንድሜ ነው። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ መቅረጫዬን ማጥፋት እንኳ አቃተኝ።

ፖሊስ ወሰደው፤ ፍርድ ቤት የሚቆም ምስክር ስለጠፋ ግን ተለቀቀ። ቤት እንደገባ ወፏን መፈለግ ጀመረ። ምሳ ስንበላ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሰኝ፤ እስክውጥ ድረስ ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። ሰው ስትጠይቂ የከረምሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ፣ አለኝ እየሳቀ። እኔ አይደለሁም ብዬ ልምል ስል እማዬ ጓዳ ጠራችኝ።

«የደምሴን ጋቢ ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ደሙን ያየሁት እኔ ነኝ።»

እግዚኦ! ከዚያ በኋላ በምን አፌ አይደለሁም ልበል? ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ ካልሆንኩ እሷ ናት። አብረን እንሂድ ብዬ ብለምናት፣ የአባትሽን መቃብር ለማን ትቼ አለች። እናም ወፏን መስዬ ሸሸሁላት።

አሁን ናይሮቢ ነኝ። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ቅቤና በርበሬ የነፈጉት ገንፎ ነው። አከራዬ ስቅስቅ ስል ሰምታ፣ ለቅሶ በኪራዩ ውስጥ አልተካተተም ብላኛለች። የስደተኞች ጉዳይ ሹሙ ደግሞ ታሪኬን በአስተርጓሚ ከሰማ በኋላ፣ ታዲያ ይቺ ወፍ ራሷ ለምን አልተሰደደችም ብሎ ጠየቀኝ። ሳቄ መጣ፤ ማቆም ሲያቅተኝ ደንግጠው ውሃ ሰጡኝ።

ባለፈው እሑድ እማዬ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ደምሴ ነው።

«እማዬ አንቺ እንዳልሆንሽ ትምላለች» አለኝ ቀስ ብሎ። «ታዲያ ማን ነው?»

አላስችል ብሏት ነው። የልጄ ስም በከንቱ ለምን ይጠፋል ብላ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «እሷ እኔን ልታድን ነው የምትምለው።»

 ከዚያ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ሰጣት፤ ትንፋሹ አጠገቧ ይሰማኛል።

«ርገሚኝ እማዬ» አልኳት። «የገዛ ወንድሜን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ርገሚኝ።»

ምነው በረገመችኝ።

«በልተሻል ልጄ?» አለችኝ።