ቦታዋን የሚሞላ ሌላ

እናቴ አዲስ አበባ ዓይኗን ልትታከም ስለሆነ፣ ሄጄ ላስታምማት ትኬት ቆርጬ ነበር። በባለቤቴ አገር፣ ኒምራ ታላታ በሚባል ሰፈር ያለችው ምግብ ቤቴ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ባለቤቴ በስልክ "አንዴ ከሄደች፣ ሳትመለስ ቦታዋን የሚሞላ ሌላ ማስገባት አለብን" ሲል ሰማሁት። በወዲያ በኩል የምትስቀው የሥራ ባልደረባው ናት።

ሁለቱም የኬሚስትሪ መምህራን ናቸው፤ ሁለቱም ኢትዮጵያ በስደት አድገው ወደዚህ ወደ አገራቸው የተመለሱ። ከእኔ የጎጃም አማርኛ ይልቅ የእሷ የአዲስ አበባው እንደሚጥመው አውቃለሁ። በዚያም ቀናሁ።

በማግስቱ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ተፈናጥጬ ካቶር ሰፈር፣ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጓሮ፣ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ጠርሙስ ላይ ሁለቱም አቀርቅረው ሳሉ ደረስኩ። ማን ናት ቦታዬን የምትሞላው ብዬ ሰላምታም ሳልሰጥ ጠየቅኩ። ባለቤቴ ግራ ገባው። ሴትዮዋ ግን ገባት።

"ከለስ፣ በቃ አትቆጪ። ስለ ኤሌክትሮኗ ነው የምናወራው" አለችኝ።

አማርኛ ትንሽ ነገር ሁሉ ሴት ይሆንበታል፤ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቢጫ ዱቄት ከዩሪያ ማዳበሪያ የጋገሩት ፖሊመር መሆኑን ነገረችኝ። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኗ ከቦታዋ ትነሳለች፤ ቦታዋ ባዶ ይቀራል፤ ባዶው መልሶ ይስባታል። ከተመለሰች የተቀበለችው ብርሃን ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ ውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ፈጥኖ ሊወስዳት፣ የጨመሩት አልኮል ደግሞ ከራሱ ሰጥቶ ቦታዋን ሊሞላ ይገባል። ያኔ ነው ኦክስጅኑ ቁስል ወደሚታጠብበት ፈሳሽ የሚለወጠው።

መሳቅ ነበረብኝ፤ አልሳቅኩም። ባለቤቴ ከአፏ ነጥቆ ማስረዳት ሲጀምር ድምፁ ለሰለሰ። ስትነሳ እንዴት እንደምትፈጥን፣ ካልያዟት እንዴት እንደምታመልጥ እያለ ፊቱ ፈካ። እኔን ስንት ዓመት "ምሳ ደረሰ?" ብቻ ሲለኝ ኖሮ! ሴት ብትሆን ፀጉሯን ይዤ እጎትታት ነበር። በዓይን ለማትታይ ነገር ቀናሁ፤ ከዚያ በላይ ምን ውርደት አለ?

እንደምንም ደፈርኩና "እኔ ስሄድስ?" አልኩት።

ዓይኑን ከጠርሙሱ ሳያነሳ "አንቺማ ትመለሻለሽ" አለኝ።

ባልደረባው ቀና ብላ አየችኝ። የምትመለሰዋ ብክነት እንደሆነች አሁን የነገረችኝ እሷው ናት፤ አፍራ አቀረቀረች።