መስከረም እስኪጠባ

ከምነግርህ ውስጥ አንዳንዱን ተሳስቼ ይሆናል። ወንበሩ ነጭ ነበር ብዬ አስታውሳለሁ፤ እኅቴ ግን አረንጓዴ ነበር ትላለች። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶኝ እንደነበረም እርግጠኛ አይደለሁም። ባለፈው ሳምንት ከኦክላንድ አጠገብ ባለችው አላሜዳ ውስጥ፣ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ሲመታው የዋለ የፕላስቲክ ወንበር መደገፊያ በእጄ ነካሁ። ሙቀቱ መዳፌ ላይ ሲያርፍ የሄድኩበትን ጉዳይ ረስቼ ተመለስኩ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ኦክላንድ ውስጥ፣ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ፣ ፎቅ ላይ ነበር። በዚያ ሐምሌ ሐኪሞቹ የሚሞክሩት ነገር አልቆባቸው እናቴን ወደ ቤት መልሰዋታል፤ ከሕመሟ ይልቅ የምታማርረው ግን ብርዱን ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከባሕሩ ተነሥቶ ሐይቁን ይሸፍነዋል፤ መስኮት ሲከፈት ጨው ጨው የሚል አየርና ከወደቡ የሚመጣ የናፍጣ ሽታ ይገባል፤ ብርሃኑ እስከ ቀትር ድረስ እጣቢ ይመስላል። እሷ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ በመስታወቱ በር በኩል በረንዳውን ታያለች። ወንበሩ እዚያ ነበር፤ ፊቱን ወደ ሐይቁ ያስዞረችን እሷ ናት። የቀራት ምኞት ይኸው ነበር፦ አንድ ቀን እንኳ በገዛ በረንዳዋ፣ ብርድ ልብሷን ጥላ ፀሐይ መሞቅ።

“ሐምሌ መቼ ሞቆ ያውቃል?” ትለን ነበር። “ክረምት ነው፤ ያልፋል። መስከረም ይጥባ ብቻ።”

ይህን ያህል ዓመት እዚህ ኖራም ወራቱን የምትቆጥረው እንደ አገር ቤት ነበር፤ የባሕሩን ጉምም የምታየው እንደ ሐምሌ ደመና። ከወደቡ ኮንቴይነር የሚያመላልሰው ሹፌር አባቴ ይስቅባት ነበር።

“አንቺ ሴት፣ ይሄ እኮ ሰመር ነው! እኔ ጃኬት ደርቤ ነው ሥራ የምውለው። ሰመሩ እንዲህ ከሆነ ዊንተሩ ምን ሊያደርገን ነው?”

“ማም፣ ሴፕቴምበር ፎል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብርድ ነው” አልኩ እኔም፤ ትምህርት ቤት ያስተማሩን እንደዚያ ነበርና።

“የኔ ፈረንጅ!” አለችኝ። “ታየዋለህ።”

በነሐሴ ታናሽ እኅቷ ከሳንሆዜ መጣች። ሳንሆዜ በመኪና ሩቅ ባይሆንም በሰመር ሌላ አገር ማለት ነው፤ ጉሙ አይደርስበትም።

“እትዬ፣ እኛ ጋ እኮ ሙቀት ነው። እዚህ ብርድ ላይ ተቀምጠሽ ምን ትጠብቂያለሽ? ፕሊስ፣ አታስቸግሪኝ።”

አባቴም ከዚህ የባሰ ብርድ ይመጣል ብሎ ስለፈራ እሺ አለ። የወሰዷት በፍቅር ነበር፤ ይህን አልጠራጠርም። እናቴ ከበሩ ስትደርስ ወደ በረንዳው ዞር ብላ፣ “ወንበሩን አታስገቡት” አለች።

ሳንሆዜ እንደተባለውም ሙቀት ነበር፤ እንዲያውም በዛ። ቤቱ እንደ ምድጃ ሲግል አክስቴ ኤሲውን ትለቃለች፣ መጋረጃውን ትዘጋለች። ቅዳሜ ልጠይቃት ስሄድ እናቴን ያገኘኋት በጨለመ ክፍል፣ በእነዚያው ሁለት ብርድ ልብሶች ውስጥ ነው። ውጭ አስፋልቱ ሊቀልጥ ምንም አልቀረው፤ የእሷ እግር ግን በረዶ ነበር።

“መስከረም ገባ?” አለችኝ።

“ኖት ዬት፣ ማም።”

ጳጉሜን ሳታልፍ ዐረፈች።

ኦክላንድ ስንቀብራት መስከረም ጠብቶ ነበር። ጉም የሚባል ነገር አልነበረም። ለቀስተኞቹ ጥቁር ኮታቸውን አውልቀው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ቤታችንን ሞሉት፤ መቀመጫ ሲጠፋ አንድ ሽማግሌ ወደ በረንዳው አመሩ።

“እሱ ላይ አይቀመጡ አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለ አባቴ። “ሰው አለው።”

መደገፊያውን ነካሁት፤ ያቃጥል ነበር። አባቴ እጄን አየ። ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ አየር ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ያ ሙቀት ሐዘኔ የፈጠረው ይሆን እያልኩ ብዙ ዓመት ተጠራጠርኩ። ከአላሜዳ እንደተመለስኩ ግን ተቀምጬ የኦክላንድን የየወሩን ሙቀት ፈልጌ አነበብኩ። የወንበሩን ቀለም የሚነግረኝ አላገኘሁም። ይህን ግን አረጋግጫለሁ፦ ኦክላንድ ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ የምትሞቀው በሐምሌም በነሐሴም አይደለም፤ መስከረም በሚጠባበት ወር ነው።