የወፍጮው ካፓሲተርና የአባቴ ጥያቄ

አባቴ ቀየት በሚባለው አገራችን ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። ደቀ መዛሙርቱ «የኔታ» እያሉ ዙሪያቸውን ይቀመጣሉ፤ እሳቸው የየዓመቱን አበቅቴ አውጥተው ጾሙና በዓሉ መቼ እንደሚውል በጣታቸው ያሰላሉ። እኔን ግን ሴት ነሽ ብለው አንድም ቀን ከጉባኤው አላስቀመጡኝም። ፊዚክስ የተማርኩት ግማሹን በእልህ ነው። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላም አንድ ጊዜ እንኳ ስሌቴን ቢያዩልኝ እያልኩ እመኝ ነበር። ጠይቀውኝ አያውቁም።

ፋሲካ ሰሞን ቤት ሳለሁ ጎረቤታችን ባለወፍጮው ከሞተሩ የነቀለውን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር ይዞ መጣ።

«እስቲ እይልኝ፤ ይሄ ነገር ጤና የለውም» አለኝ። ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ሁለት ጊዜ ነክቶታል። አንዱን ቀን ምንም አላለውም፤ ሌላውን ቀን ነዝሮ ጆንያ ላይ ጣለው።

መብራቱ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ እንደሚመላለስ ነገርኩትና ወረቀት አወጣሁ። ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው አርባ ማይክሮፋራድ በ220 ቮልት ካሬ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል አንድ ጁል ገደማ ሆነ።

«አንድ ኪሎ ገብስ ግማሽ ስንዝር ቢያነሣ ነው። አጋነንከው» አልኩት። ሰውየው ቅር አለው።

ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ዳዊት ይደግሙ የነበሩት አባቴ ቀና አሉ።

«መቼ ነው ያጠፋኸው?»

«ማክሰኞ» አለ ባለወፍጮው።

«ቀኑን አይደለም። ይመላለሳል አላለችም? ሲመላለስ የት ላይ ሳለ ነው የጠፋው? ዓመቱ ሳይታወቅ እኮ አበቅቴ አይወጣም።»

መጀመሪያ ተናደድኩ። በሥራዬ ምን አገባቸው ልል ስል እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። 220 የምንለው እኮ እንደ አማካይ የሚወሰድ ቁጥር ነው። ቮልቴጁ ጫፉ ላይ 311 ይደርሳል፣ መሀል ላይ ደግሞ ዜሮ ይሆናል። እንደገና አሰላሁ። ጫፉ ላይ ሳለ ከጠፋ ሁለት ጁል ሊሆን ትንሽ የቀረው ኃይል ይዞ ይቀመጣል፤ ዜሮው ላይ ከጠፋ ምንም የለውም። ባለወፍጮው አልዋሸም። ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት «አንድ ጁል» ብዬ እንዳለፍኩት ሳስብ ማፈር ነበረብኝ፤ ደስታው ግን ፋታ አልሰጠኝም፣ መቀመጥ አቃተኝ።

«አባባ፣ ሲሄድም ሲመለስም ይሞላል! በሰከንድ መቶ ጊዜ ይሞላል፣ መቶ ጊዜ ባዶ ይሆናል።»

ዳዊታቸውን አጥፈው በርጩማቸውን ወደ እኔ ሳቡ። ወረቀቱን አዩና ጣታቸውን 311 ላይ አሳረፉ።

«ይቺ ከየት መጣች? ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ፣ የኔታ።»

ባለወፍጮው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ እስክጀምር ይጠብቁኝ ነበር።