ቡዜ አፏን አልከፍትም ያለች ዕለት

ቡዜ የኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜዋ በማሽን ጩኸት መሐል አልፏል። ብዙ ነገር መተው ለምዳለች። አለቃ ሲቆጣት ትተዋለች፤ ቤት አከራይ ሲያመናጭቃት «ምን ላርግ» ብላ ታልፋለች። የማትተወው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ከታላቅ እህቷ ከሀናን ሞት ጋር የመጣ ነው።

ሀናን መንጋጋዋን ከተነቀለች ከወራት በኋላ ዐይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው» አለ። ቅጠል ጨምቀው አጠጧት፤ ክንዷን ተኮሷት። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ጉበቷ አልቆ ነበር። ሐኪሙም ደሟን አስመርምሮ፣ «ጥርስ ተነቅላ ታውቃለች?» ሲል ጠየቀ። ቀብሯ ላይ ሰው አሁንም ስለ ሌሊት ወፍ ያወራ ነበር። ቡዜ ግን የሐኪሙን ጥያቄ ይዛ ቀረች።

ዘንድሮ የራሷ መንጋጋ ተነሳባት። ጉንጯ አብጦ እንቅልፍ ቢነሳት፣ ፈረቃ የሌላትን ቀን ጠብቃ ወደ ደሴ ወጣች፤ ሰኞ ገበያ አጠገብ ካለ የጥርስ ክሊኒክ ገባች። መብራት ጠፍቷል። ተራዋ ደርሶ ወንበሩ ላይ ጋደም እንዳለች፣ የጥርስ ሐኪሙ ረዳት ሀኒ ከፊተኛው ሰው አፍ የወጣውን ጉጠት በአልኮል ጥጥ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ትሪው ላይ መለሰችው።

ዶክተር አግማስ ማደንዘዣውን ይዞ «ክፈቺ» አላት።

ቡዜ አፏን ገጠመች።

«አብሽሪ፣ አያምሽም።»

«ያ ጉጠት ተቀቅሏል?» አለች በጥርሷ መሐል።

«መብራት የለማ! በአልኮል ተጠርጓል እኮ።»

«አልከፍትም።»

«እንግዲያው ነገ ነይ። ወንበሩን ልቀቂ።»

«ነገ ፈረቃ አለብኝ። ወንበሩንም አልለቅም።»

ከመጋረጃው ወዲያ ወረፋ የያዘው ሰው ተንጫጫ። «ቤትሽም እንዲህ አፍሽን ብትዘጊ ባልሽ በተገላገለ!» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ። ቀጥሎ ተራቸው የሆነው፣ ከቢስቲማ የመጡት ሼህ ጀማሉዲን መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ።

«ልጄ፣ ሰው አታስቸግሪ። በሽታ ከአላህ ነው። ቢስሚላህ በይና ክፈቺ።»

«ቢስሚላህማ እህቴም ብላ ነበር፣ ሼህ። ጥርሷን ነቀሏት፤ በወፍ በሽታ ቀበርናት።»

«እሱማ የሌሊት ወፍ ነው።»

«የሌሊት ወፍ ጉጠት ይይዛል?»

ሳቁ ቆመ። ሼሁ ትሪው ላይ ያለውን ጉጠት አዩት፤ ቀጥለው ቅድም ተነቅሎ በር ላይ ደም የሚተፋውን ሰው አዩት። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተው ከወንበሩ አጠገብ ቁጭ አሉ።

«ዶክተር፣ እኔም እጠብቃለሁ። ጓሮ ያየሁት ጄኔሬተር ለጌጥ ነው እንዴ?»

«ቤንዚን እንደ ልብ አይገኝም እኮ፣ ሼህ።»

«ጉበትስ እንደ ልብ ይገኛል?» አለች ቡዜ።

አግማስ ጓንቱን አውልቆ ወረወረ። «ሀኒ፣ አስነሺው በቃ!»

ጄኔሬተሩ ተንደቀደቀ። የመቀቀያው ማሽን ዕቃዎቹን ቀቅሎ እስኪያወጣ ምሳ ሰዓት አለፈ፤ አንዳንዱ እየተራገመ ሄደ። የቡዜ ጉንጭ ይወጋታል፣ እንባዋ ይወርዳል፤ አፏ ግን እንደተገጠመ ነው። በመጨረሻ ሀኒ የተቀቀለው ጉጠት የታሸገበትን ከረጢት እፊቷ ቀደደችው። ያኔ ከፈተች።

ጥጥ ነክሳ ስትወጣ ሼሁ ወንበሩ ላይ ወጥተዋል።

«ይክፈቱ፣ አባባ» አላቸው ዶክተሩ።

«ቆይ እስቲ፤ የኔ ከረጢት የታለ?»

ቡዜ ሳቋ ቢመጣባት ጥጡን አጥብቃ ነከሰችው።