ምን በልቼ ነው ደም የሚበዛብኝ?

መጀመሪያ የከዳኝ ትንፋሼ ነው። ከአሰላ ገበያ ወደ መናኸሪያው የሚያወጣውን ዳገት ቆሎዬን ተሸክሜ ያለ ዕረፍት ስወጣው ኖሬ፣ አንድ ቀን መሐል ላይ ቆሜ የሰው አጥር ተደገፍኩ። ማጅራቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ጭሱ ነው አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ገብስ ስቆላ ስለኖርኩ የሚያመኝን ሁሉ በጭሱ ማሳበብ ይቀናኛል።

ቀጭን ነኝ። ከድሮም ሥጋ አልወደደኝም። ጎረቤቶቼ ፊቴን አዩና «አስካለ፣ ደም አንሶሻል» አሉኝ። በሰፈራችን ደም የሚያንሰው ድሃ ነው፤ ደም የሚበዛው ሀብታም። የጨርቅ ሱቅ ያላት ወዳጄ ዘሐራ ደም ብዛት አለባት። «ደም ብዛቱም ከነሱቁ ነው የተሰጠሽ» እያልኩ እቀልድባት ነበር። እኔ ግን ለደም ማነሴ ቀይ ሥር ቀቅዬ በላሁ። ሲያዞረኝ ጨው ያበረታል ሲሉኝ ጨው ላስኩ። ይህን የምታነቡና የሚያዞራችሁ ቀጫጮች፣ እባካችሁ ግፊታችሁን ሳትለኩ ጨው አትላሱ።

በዚያ ላይ ሥራዬ ጨው ነው። ገብሱ ሲግል የጨው ውሃ እረጭበታለሁ፤ መጣፈጡን የማውቀው በመቅመስ ነው፤ ስቀምስ እውላለሁ። ብዙ ቀን ምሳዬም እሱው ነበር።

ከዚያ ወፈርኩ። እግሬ ሞላ፣ ሆዴም ትንሽ ወጣ። ያየኝ ሁሉ «ተመችቶሻል» አለኝ። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። ጫማዬ እምቢ ሲለኝ ጊዜ ገና ዛሬ ሰው ሆንኩ ብዬ ሰፋ ያለ ገዛሁ። ስተኛ እንደሚያፍነኝና ትራስ ደርቤ ተቀምጬ እንደማድር ግን ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ጠዋት ዘሐራ ሱቅ ገባሁ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ሰላም ልላት ብል ድምፄ አልወጣም። አየር አጠረኝ። ዘሐራ ጎንበስ ብላ ቅልጥሜን በአውራ ጣቷ ጫነችው። ጣቷን አነሳች። ጎድጉዶ ቀረ።

«ወላሂ ይሄ ውፍረት አይደለም» አለች። «ውሃ ነው። ተነሺ።»

የገበያ ቀን ነበር። ዘሐራ በገበያ ቀን ሱቋን ስትዘጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባጃጅ ጠርታ አቅፋ ጫነችኝ።

ሐኪሟ የጎበሳ ከተማ ልጅ ናት፣ ገና ወጣት። ግፊቴን ለካች። ደግማ ለካች። ደረቴ ኢኮ በሚሉት የልብ ማሳያ መሣሪያ ታየ። ተመልሳ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አዴ አስካለ፣ ልብዎ ሰፍቷል» አለችኝ።

ልበ ሰፊ ነሽ ብላ ያመሰገነችኝ መሰለኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ድሮም ታጋሽ ነኝ» አልኳት። ዘሐራ ፊቷን አዞረች።

«ደም ብዛት ነው» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «ሳይታከም ስለቆየ ልብዎን አድክሞታል። የልብ ድካም እንለዋለን።»

«እኔ ምን በልቼ ነው ደም የሚበዛብኝ?»

«ያሳሳተን ስሙ ነው። ደሙ አልበዛም፤ በደም ሥሩ ሲያልፍ የሚገፋበት ኃይል ነው የበዛው። ለዚያ ነው ደም ግፊት የምንለው። ቀጭንንም ይይዛል። ጨው የሚያበዛውንም፣ ዕረፍት የሌለውንም ይይዛል፤ ተለክቶ የማያውቀውን ደግሞ ሳያውቀው ይይዘዋል።»

ኦክስጅን አፍንጫዬ ላይ ተሰክቶ ጣሪያውን አየሁ። ፈራሁ። ልጆቼን አሰብኩ። አሁን ልሞት ነው? አልኩ። ጮክ ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

ውሃው በሽንት ኪኒን እየወረደ፣ የኔው ቀጭን እግር ከእብጠቱ ሥር ብቅ ሲል፣ ተኝቼ ብዙ አሰብኩ። ዘሐራና እኔ አንድ በሽታ ነው ያለብን። የሷ የተገኘው ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ቤት ሄዳ፣ እግረ መንገዷን ስትለካ ነው። እኔ ሐኪም ቤት ለመሄድ አንድ ገበያ መቅረት አለብኝ፤ አንድ ገበያ ከቀረሁ ደግሞ ቤቴ ምድጃ አይነድም። በሽታ ድሃና ሀብታም አይለይም ይላሉ። በሽታው ላይለይ ይችላል፤ ቀድሞ የሚያውቀውና ዘግይቶ የሚያውቀው ግን ይለያያል፣ የኔ ልብ የሰፋው በዚያ መዘግየት ውስጥ ነው።

ስወጣ ሐኪሟ «ሲሻልዎት ኪኒኑን እንዳይተዉ፤ የተሻለዎት በሱ ነው» አለችኝ። የጤና መድን መታወቂያዬን ያወጣሁት ያኔ ነው። ኪኒኔን እየቆጠብኩ እንዳልውጥ ዘሐራ ዘበኛ ሆነችብኝ፤ በየጠዋቱ ሱቋ በር ላይ እንገናኝና እያንዳንዳችን የየራሳችንን እንውጣለን። «በሽታዬን ተጋራሽኝ፣ ሱቄን ግን አታገኚም» ትለኛለች።

የከበደኝ ቆሎው ነበር። ጨው ተከልክያለሁ፤ ሳልቀምስ እንዴት ልሽጥ? አሰብኩና ጨዉን ከምጣዱ አባረርኩት። ገብሱን በደንብ ለቅሜ፣ እሳቱን ቀንሼ፣ ጊዜ ሰጥቼ መቁላት ጀመርኩ። ደንበኞቼ መጀመሪያ አኮረፉ፣ «አስካለ ጨው ተወደደባት እንዴ?» ብለው ተሳለቁ። ዛሬ ከኢተያ የሚመጡት ሳይቀሩ «ያንን ጨው አልባውን» ብለው ይጠይቁኛል። የአርሲ ገብስ በራሱ ጣዕም እንዳለው ለአሰላ ሰው ያሳወቅኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ስናገር አላፍርም። ያንን ዳገትም ከዓመት በኋላ፣ ቀስ እያልኩ ግን አንድም አጥር ሳልደገፍ፣ ቆሎዬን ይዤ ወጣሁት። ጫፉ ላይ ቆሜ የጭላሎን ተራራ አየሁና እንደ ሞኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። የጎበሳዋን ልጅ አመሰግናለሁ። በገበያ ቀን የተዘጋውን ሱቅ እስክሞት አልረሳውም። ለናንተ የምለው ይህን ነው፦ ተለኩ። እግራችሁ ሲሞላ ሰው «ተመችቶሻል» ቢላችሁ በጣታችሁ ጫኑት።

አሁን ዘሐራ ሱቅ ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ አለ፤ እሷ ገዛችው፣ አለካኩን ግን አብረን ተማርን። ባለፈው ገበያ አጠገቤ ድንች የምትሸጠው ሴት ማጅራቷን ይዛ ስታቃስት ሰማኋት። ከኔ ትቀጥናለች። ነይ ተለኪ አልኳት።

ሳቀችብኝ። «እኔ ደግሞ ምን በልቼ?»

ቆሎዬን ሸፍኜ ተነሳሁ። እጇን ያዝኩ።

«እኔ የበላሁትን» አልኳት።